አባቴ ያላጸደቀው ጎል

ጭቃ የጠጣ ካልሲ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ላይ ያርፍና ወደ ኮልፌው ቤታችን ይመልሰኛል። አባቴ የሰፈራችን የክረምት ውድድር የመሐል ዳኛ፣ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ደግሞ አጥቂ ስለነበሩ የሁለቱ ካልሲ ጎን ለጎን ተሰጥቶ ይጨስ ነበር፤ እናቴም እያገላበጠች «የዚህ ቤት ሰው ጭቃ ነው እንዴ የሚቀለበው?» እያለች ትስቅ ነበር።

አባቴ አየር ጤና ጎሚስታ ነበር። የሰው ጎማ ሲለጥፍ ውሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር ቁምጣውን ለብሶ ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። በውድድሩ ደንብ የመሐል ዳኛ አንዴ ከወሰነ ወሰነ፤ የመስመር ዳኛ አውት ከማሳየት በቀር አይጠየቅም ነበር። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር። «ዳኛ ቃሉን ካጠፈ ነገ ማን ይሰማዋል?» ይለን ነበር።

አንድ ክረምት የታምራት ቡድን ለፍጻሜ ደረሰ። የአንድ ታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ ተጫዋች ሊመርጥ ይመጣል ተብሎ ስለተወራ ወንድሜ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። እናቴ «ልጅህ ያለበትን ጨዋታ ለሌላ ሰው ተውለት» ብላ አባቴን ብትለምነውም፣ የውድድሩ ኮሚቴ ሌላ ዳኛ በማጣቱ «ሜዳ ላይ ልጅ የለኝም» ብሎ ሄደ።

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ሲል ታምራት ከኮርና የተሻገረችውን ኳስ በቴስታ መታት፤ ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወረደችና ከኖራው የጎል መስመር ወዲያ ጭቃው ላይ ነጥራ ወጣች። መረብ አልነበረም። አባቴ ሲሮጥ አዳልጦት በጉልበቱ ወድቆ ስለነበር አላየም፤ ተነሥቶ «ቀጥል!» አለ። ሁሉም ከበበው። የተጋጣሚው በረኛ ከድር ሳይቀር፣ የገዛ ጓደኞቹ እየጎተቱት ቀርቦ «ጋሽ ወልዴ፣ ኳሷ ገብታለች። ምልክቷ ይኸው፣ መጥተው ይዩት» አለው።

«አባባ፣ በረኛው ራሱ እየመሰከረ እኮ ነው! አንዴ ዞረህ እይ!» አለ ታምራት።

አባቴ አልዞረም። «ወስኛለሁ» አለ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ምልክቱ በተጫዋቾች እግር ተረግጦ ጠፋ፣ የታምራት ቡድንም በፔናሊቲ ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ከአሸናፊዎቹ መርጦ ሄደ። ያን ቀን ማታ ታምራት ራቱን ሳይበላ ታኬታውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠና፣ ከዚያ ወዲህ አባቴን «እርስዎ» ይለው ጀመር። የአክብሮት ቃል ሰው ሲያቆስል ያየሁት ያኔ ነው።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ አባቴ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ደንቡ ይቀየር አለ። ስብሰባው ጎረቤታችን ግቢ ስለነበር እኔና እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን እንሰማ ነበር።

«ያላየ ዳኛ የመስመር ዳኛውን ይጠይቅ፤ ስሕተት ከሆነም ጨዋታው ሳይቀጥል ይመልሰው» አላቸው።

«ወልዴ፣ ይሄ ለኳሱ ነው ወይስ ለልጅህ?» አለው ሰብሳቢው፣ ሌሎቹም ሳቁ።

አዳላ እንዳይባል ብሎ ልጁን የጎዳው ሰው፣ አሁን ያዳላል ተባለ። አባቴ ፊሽካውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፣ ዳግመኛም አልዳኘም።

በጋው ሲገባ ታምራት ትምህርቱን ትቶ አስኮ አጎታችን ሱቅ ተቀጠረና እዚያው ያድር ጀመር። እናቴ እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥራ ትሄድለት ነበር፤ ስትመለስ አባቴ «ምን አለ?» ይላታል፣ እሷም «ምንም» ትለው ነበር።

አሁን የሰፈራችን ውድድር ደንቡን ቀይሯል። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ዳኛ የሻረውን ጎል የመስመር ዳኛውን ጠይቆ ሲያጸድቅ ተመልካቹ አጨበጨበለት። አባቴ ከእኔ ጋር በዚህ በኩል፣ ታምራት የልጁን ጨዋታ ሊያይ መጥቶ በዚያ በኩል ቆመው ነበር። አባቴ «እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ታምራት ከማዶ አይቶን እጁን አነሣ፤ አባቴም ሊያነሣ ሲል ሰላምታው ለእኔ ብቻ መሆኑ ገብቶት እጁን ኪሱ ከተተ። ያኔ ቃሉን የሚያጥፍ ዳኛ ይናቅ ነበር፣ ዛሬ ይጨበጨብለታል፤ ለሜዳው ደግ ሆነ እላለሁ፣ ለእኛ ቤት ግን ዘገየ።