አባቴ የጨመራቸው ዓመታት

በደርግ ጊዜ አባቴ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው አያምንም ነበር። ቆቦ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ ሲመለምል፣ አርባ አራት ዓመቱን ስልሳ አምስት ብሎ አስመዘገበና ተረፈ። ፀሐይ የበላው ፊቱም አገዘው።

በዓመቱ አንገቱ ላይ ያበጠው ንፍፊት አልጠፋ ሲል ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮ የእጢ ካንሰር ነው አለኝ። ከዚያ ያልብዎታል ወይ፣ ከስተዋል ወይ እያለ የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ላብ ለምን ይጻፋል? እኔም ሰውየውን በጎሪጥ አየሁት። ዕድሜውን ሲጠይቀው አባቴ ክንዴን ጨበጠና "ስልሳ አምስት" አለ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "ጠንካራውን መድኃኒት በዚህ ዕድሜ አይችሉትም። ጎልማሳ ቢሆኑ ኖሮ ጥሩ ተስፋ ነበራቸው።"

እውነቱን አውቃለሁ። ግን ያ ወረቀት ዞሮ ቆቦ ቢደርስስ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ሞኝ የሚለን ያኔ ያልነበረ ነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጎብዬን እንዳለፈ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ስልሳ አምስት ብሎ ጻፈ?"

"ጽፏል።"

"ተመስገን" አለና መስኮቱን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው።