አደሎ የቋጠራቸው ስድስት ኪኒኖች

1986 ዓ.ም. ነው። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። የቀድሞው ጦር ሲበተን ሸዋ ቤንች ገብቼ ቡናዬን እለቅም ነበር፤ መሣሪያ የሚያውቅ ይምጣ ተባለና ሄድኩ። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሽፍቶች መኪና እያስቆሙ ሰው ይገድሉ ነበር። ሠላሳ አንድ ሆነን ጫካ ገባን። ከጋንታው በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለነበርኩ ጋሽ ወልዴ ይሉኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ላይ አትሳቁ። እናንተ የልጅ ልጆቼ ሁልጊዜ ስለ ተኩስ ትጠይቁኛላችሁ። የተኩሱ ነገር አጭር ነው። እኔ የምነግራችሁ የኪኒኑን ነው።

ቆላው ላይ ከጥይት ይልቅ የሚጥለን ወባ ነበር። መድኃኒቱን የያዘው ድሬሰራችን ጀማል ነው፤ ከጅማ በኩል የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው። አሰጣጡ ግን ያናድደኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ኪኒን ፊቱ ያስውጣል፣ አፍ አስከፍቶ ያያል፣ ከዚያ «በል መልሰህ ንገረኝ፤ ነገ ስንት ነው? ከነገ ወዲያስ?» ይላል። የሰውየው አማርኛ ካልጠናም ቋንቋውን የሚያውቅ ጠርቶ ያስነግረዋል። ወረፋው አያልቅም።

«ጀማል፣ እዚህ ትምህርት ቤት ከፈትክ እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ እሺ ያለኝ ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወንዝ ስንሻገር ተተኮሰብን። ጀማል ጭኑን ተመታ። በቃሬዛ ወደ አማን ሐኪም ቤት ሊወስዱት ሲያነሱት የመድኃኒቱን ሣጥን ወደ እኔ ገፋው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዝም ብለህ እንዳታድል። ሲውጡ እይ። መልሰው ይንገሩህ።»

«እሺ» አልኩት።

በማግስቱ አደሎ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የጌጫ ሰው ነው፣ ደገኛ። ቴፒ ወርዶ ቡና ተክሎ፣ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። አማርኛው ትንሽ ነው። ዝናብ እየጣለ ነው፣ ጋንታ መሪው ተነሱ እያለ ይጮኻል። አሥር ኪኒን ቆጥሬ መዳፉ ላይ አደረግኩለት።

«ዛሬ አራት፣ ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። ምግብ ቀምሰህ ዋጥ። ገባህ?»

«እሺ ጋሼ።»

ትልቅ ሰው ነው፣ የልጅ አባት። አፍህን ክፈት ማለት ነውር መሰለኝ። አለፍኩት። ሲውጥም አላየሁም። በማግስቱ ግን ድኖ፣ ከሁላችን ፊት ይሄድ ነበር። የቀረውን ኪኒን እየዋጥክ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

በስድስተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመንገዱ በላይ ያለች ጉብታ ላይ አደፈጥን። ከላያችን የቡና ጥላ ዛፍ ነው፤ ጤዛው ይንጠባጠባል። አደሎ ከእኔ በስተቀኝ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የቦንጋው ኃይሌ፤ የሁለቱ ቋንቋ ይግባባል። አደሎ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ብርድ ነው አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽፍቶቹ መጡ። ተኮስን። ተኮሱ። አደሎ ጠመንጃውን አስቀመጠና ተነሣ። ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ቁልቁል መራመድ ጀመረ። በቋንቋው የሆነ ነገር ይናገራል።

«ተኛ! ምን ይላል ይሄ ሰው?» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄን ውኃ ጠማት ይላል! ትኩሳቱ ራሱ ላይ ወጥቷል!» አለ ኃይሌ።

እግሩን ልይዘው ተሳብኩ፤ አልደረስኩበትም። ሁለት እርምጃ ሄደና ወደቀ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። መንገዱ ተከፈተ። እኛ ሦስት ሰው አጣን። ሬሳውን ስናስተካክል ከአደሎ ደረት ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ወጣ። ስድስት ኪኒን።

ኃይሌ አየውና አንገቱን ደፋ። «ቴፒ ላለችው ልጁ ነው። በአራቱ ለቀቀኝ፣ የቀረው ትኩሳት ሲይዛት ይሆናታል ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከን ጋሼ?»

እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም፣ ለቤተሰብ ማስቀመጥ እንደ ቁም ነገር ይቆጠራል። እኔም ቤቴ እንዲሁ አደርግ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ያለፍኩት።

አንዳንዶቹ ኪኒኑን ለልጁ ላክላት አሉኝ። እምቢ አልኩ። ለልጅ ስንት እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ያቺ ልጅ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ስህተት አልሠራም። ከነመሐረቡ ከአደሎ ጋር ቀበርኩት።

ጋንታ መሪው ሦስቱንም «በጥይት የሞቱ» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም፤ ሦስቱንም ጥይት መትቷቸዋል። እኔ ግን ስቆጥር ሁለት በጥይት፣ አንድ በእሺ ብዬ ነው የምቆጥረው። የማን እሺ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የእሱ ይሁን፣ ለጀማል ያልኩት የእኔው ይሁን።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትኩሳት የያዛቸው አራት ሰዎች መጡ። የጥይት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ፤ ኃይሌን አጠገቤ አቆምኩት፤ ኮዳውን ውኃ ሞላሁ።

«ጋሽ ወልዴም ትምህርት ቤት ከፈተ!» አለ የመጀመሪያው።

አራት ኪኒን ሰጠሁት። እስኪውጥ ጠበቅኩ።

«አፍህን ክፈት» አልኩት። ከፈተ። «በል አሁን መልሰህ ንገረኝ። ነገ ስንት ነው?»