አባባ መጥኖ አይሠራም

ቱሉ ዲምቱ ባለው የኮንዶሚኒየም ኩሽናዬ ውስጥ የትኛውም መሳቢያ የማይበቃው አንድ ጭልፋ አለ። እጀታው ከክንዴ ስለሚረዝም ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ለጌጥ ነው?" ይለኛል። የአባቴ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነበር። አባባ ከጦር ሜዳ አንድ እግሩን እያነከሰ ተመልሶ የክር ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሆኗል። ሰፈሩ በወታደርነቱ ያከብረዋል፤ እኛ የቤቱ ልጆች ግን ጠመንጃ ከያዘበት ጊዜ ጭልፋ የያዘበት እንደሚበልጥ እናውቃለን። የጦሩ ወጥ ሠሪ ነበር።

እኔ የመጀመሪያ ልጅ፣ ያውም ሴት በመሆኔ፣ ታናናሾቼን ሳዝል እኩዮቼ ጥለውኝ ትምህርት ቤት ገቡ። በመጨረሻ ልመዘገብ ነው በተባለበት ሰሞን እማዬ መንታ ወለደች፤ ደክማም አልጋ ላይ ዋለች። "የሚመጣው ዓመት ትገባለች" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ይህችን የሚመጣ ዓመት ከዚያ በፊትም ሰምቻታለሁ። ማጀት ገባሁና ሽንኩርት መክተፉን ሰበብ አድርጌ አለቀስኩ።

አባባ ከሥራ ሲገባ አየኝ። ካፖርቱን አወለቀ፣ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደ።

"ፊትሽን ታጠቢ፤ ልናስመዘግብሽ ነው። ማጀቱን እኔ ተረክቤያለሁ።"

ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ለቤተሰብ መጥኖ መሥራት ከቶ አያውቅበትም። የመጀመሪያው ቀን ምስር ከትልቁ ድስት ተርፎ ሳፋ ሞላ። እማዬ ከአልጋዋ ቀና ብላ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጦር ሊያድርብን ነው?" አለችና ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። የግቢው ልጆች ሁሉ ሳህን ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከመታጠፊያው የተቁላላው ሽንኩርትና ትንሽ ያረረው በርበሬ ይቀበሉኝ ነበር።

የፈራሁት የእቴቴን መምጣት ነው። የአባባ ታላቅ እህት ናት፤ እሷን እምቢ ያለ ሰው በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። አንድ ቀን ድንገት መጥታ አባባን ጭልፋ ይዞ ስታየው በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ወይ ጉዴ! ሴት ልጅ እያለችህ አንተ ማጀት? አንቺ፣ ያንን ደብተር አስቀምጪና ተቀበዪው!"

ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። አባባ ማማሰሉን እንኳ አላቆመም።

"እቴቴ፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። እኔም ሥራ ላይ ነኝ። አንቺ ቁጭ በይና ብዪ።"

እያጉረመረመች በላች። "ጨው አንሶታል" አለች፤ ሳህኗን ግን መልሳ ዘረጋችለት። ሲጨምርላት ድስቱን አየችና "ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትሠራው ለማን ነው?" አለችው።

"ልማድ ነው" አለ አባባ። "እዚያ ጦር ሜዳ፣ ጠዋት በወጣው ሰው ልክ ነበር የምሠራው። ማታ ስንቱ ይመለስ ይሆን ብዬ ቀንሼ አላውቅም።"

እቴቴ የጠቀለለችውን ሳትጎርስ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ምን ታፈጪብኛለሽ? አጥኚ እንጂ!" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን አስቀምጪ ያለኝ የለም።

አባባ አርጅቶ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ፣ አልጋው ላይ አረፈ። ወንድሞቼ ካፖርቱንና ፎቶውን ሲወስዱ እኔ ጭልፋውን ለመንኩ።

ያኔ ሰው ቤታችን የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነበር። ዛሬ ሳይደውል የሚመጣ የለም፤ ደውሎም የሚቀር ሞልቷል። እኔና ልጄ ሁለት ነን፤ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ለሁለት ሰው መጥኖ መሥራት ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳትነግረኝ ጓደኞቿን አስከትላ ከች አለች። ኩሽና ገብታ ጆሮዬ ሥር፣ "እማ፣ ይበቃል?" አለችኝ፣ ጨንቋት።

ክዳኑን አነሳሁላት። ድስቱን አየች፤ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጭልፋ አየች፤ ሳቀች።

"ሳህን አውጪ" አልኳት።