የሰዓት ሠሪው ዩራነስ

ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር አንድ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ከሰልባጅ ሻጮች የገዙትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ፈትተው፣ መስተዋቱን አጽድተው፣ የላላውን ሁሉ አጥብቀው ገጥመውታል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጣሪያው ላይ ይዘውት ይወጣሉ። እኔ የአንድ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። የምኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ ስለነበር አብሬያቸው እወጣለሁ።

የሕንፃው ጨርቅ ነጋዴዎች ደረጃው ላይ ሲያገኙን ዝም ብለው አያሳልፉንም።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ የሚከራይ ሱቅ ተገኘ?»

«ሞልቷል። አንተን ግን ዋስ አምጣ ይሉሃል።»

ጁፒተርን ማንም ያገኛል። እሳቸው የፈለጉት ዩራነስን ነበር። በእንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ዩራነስ ደብዛዛ ነጥብ ናት፤ ከከዋክብቱ የሚለያት መንቀሳቀሷ ብቻ ነው። ዘዴውን ነገርኳቸው፦ የሚታየውን ነጥብ ሁሉ ደብተር ላይ ይሣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ይሣሉ፤ ቦታ የለወጠችው እሷ ናት። የመርካቶ መብራት ሰማዩን ስለሚያደበዝዘው ሥራው የሚመቸው ሠፈሩ ሲጨልም ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ያማርራል፣ እኛ ደረጃውን እንወጣለን።

የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። ሐኪም የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን እየከዳቸው እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያድነው ነግሯቸዋል።

«ዓይኔ ሳይሄድ፣ አይቻታለሁ ብዬ የምምልባት አንዲት ነገር ልይ» አሉኝ።

መስከረም ላይ ለሥራ ክፍለ ሀገር ተላክሁና ሚያዝያ ላይ ተመለስኩ። እንደመጣሁ ደብተሩን ሰጡኝ። ሦስት ሥዕሎች ናቸው፤ ከሥራቸው 6/2፣ 12/2፣ 19/2 ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ነጥብ በጥቂቱ ፈቀቅ ብላለች።

«እይልኝ» አሉ። «ከሆነችም ንገረኝ፣ ካልሆነችም ንገረኝ።»

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ቀኖቹን አመሳከርኩ። በእነዚያ ቀናት ዩራነስ ፀሐይ አጠገብ ስለሆነች ልትታይ አትችልም። ሌላ ማጣራት አላስፈለገኝም፤ ሥዕሉን ከሰማይ ካርታ ጋር አላስተያየሁትም።

«አይደለችም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «በእነዚህ ቀናት ከፀሐይ ጋር ነው የምትጠልቀው። ያዩት ኮከብ ነው።»

«ተንቀሳቀሰች እኮ።»

«ሲሥሉ እጅዎ ስቶ ይሆናል።»

ይህን ያልኩት አርባ ዓመት ሙሉ የሰዓት ጥርስ በወረንጦ ሲያነሱ ለኖሩ ሰው ነው። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እንግዲህ አንተ የተማርከው ታውቃለህ» አሉ። ያን ሳምንት ቴሌስኮፑን ሸጡት። ጣሪያው ላይ ዳግም አልወጡም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጋዜጣውን ስለቅ ወረቀቶቼ መካከል ደብተሩን አገኘሁት። ከመጀመሪያው ሥዕል ጎን በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት «ከኢፍጣር በኋላ፣ መብራት የለም» ይላል። የዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ጥቅምት ላይ ነበር። ቢሮዬ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብዬ አንብቤዋለሁ። ሰዓት ሠሪው ግን እንደማንኛውም የአገሬ ሰው ጥቅምት ማለታቸው ነበር። በጥቅምቱ ቀኖች ካርታ አወጣሁ። ነጥቧ በሦስቱም ሥዕሎች ላይ መሆን የሚገባት ቦታ ላይ ነበረች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሳቸው በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በድምፄ ለዩኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

«ወሩን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ያወቅሁ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ዓይን ነበረኝ» አሉ። «ሁለት ጥቅምት። ደግሜ ላያት እችል ነበር። አይደለችም ስትለኝ ከልቤ አወጣኋት፤ አሁን ላስታውሳት ብል አትመጣልኝም።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ተወው ለማለት እጃቸውን ወዘወዙ።

«ንገረኝ እስቲ፣ ምን ትመስል ነበር?»

እኔ ዩራነስን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው።