የአልማዝ ትንፋሽ

ሐረር የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ እናቴን ላመጣ ነው። ለሁለት ሳምንት ብላ የትውልድ አገሯ ሐረር፣ የአክስቴ ልጅ አልማዝ ቤት ሄዳ እዚያው ክረምቱን ከረመች። በደወልኩ ቁጥር «ከአልማዝ ጋር ወክ ልንወጣ ነው» ትለኛለች። እኔ ጋ ሳለች ከሶፋው አትነሳም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቅናት እንቅልፍ ነሳኝ።

እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ረዳቱ ገና ሲያየኝ በዓይኑ ለካኝና የሁለት ሰው ካልከፈልሽ አለኝ። ከፈልኩ፤ ቢያንስ መስኮቱ የእኔ ሆነ። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ሞተሩ ሲያቃስት አዘንኩለት፣ ዳገት ላይ የእኔም ድምፅ እንደዚያው ነው። ደጋው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጫት ማሳ ነው፤ ሐረማያ ላይ ሴቶች ድንችና ካሮት ደርድረው ይሸጣሉ። ሐረር ስንገባ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር።

አልማዝን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ በስልክ ስታሞግሳት በሐሳቤ የምትመጣብኝ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ሴት ነበረች። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ግን ከእኔም ትወፍራለች። ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ።

ጀጎል ውስጥ

ጠዋት ፈቲራ በማር በልተን እንዳበቃን ለእናቴ ልወስድሽ ነው የመጣሁት አልኳት። መጀመሪያ ወክ እናድርግ አለች። በሸዋ በር ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ገብተን፣ በገበያው መሐል አልፈን፣ ነጭና አረንጓዴ በተቀቡት ጠባብ መንገዶች ወደ ኤረር በር ወረድን። ቁልቁለት ላይ ማን እንደ እኔ! ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ መመለሻው ዳገት ሲጀምር ግን ደረቴ ተዘጋ።

ምክንያቱን ሐኪሜ ነግሮኛል። ሆዴ ላይ የተከማቸው ስብ ሳንባዬን ከታች ስለሚገፋው እንደልቡ አይሰፋም። በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ ለመውጣት ሰውነቴ ብዙ አየር ይጠይቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ አንድ ዘዴ አለችኝ፤ ስልኬን አወጣና የተደወለልኝ መስዬ፣ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ እተነፍሳለሁ።

አልማዝ እናቴን ደግፋ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትወጣለች። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው ተነስተው ሰላም አሏቸው፣ ወሬው እስከ ጉልበት ሕመም ደረሰ፣ በየመሐሉ አልሃምዱሊላህ ይባላል። ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ሰፌድ የምትሰፋ ሴትዮ ለእናቴ መቀመጫ ሰጠቻት፤ የራሷን የልጅ ልጆችም በስም እየጠራች ታወራላት ጀመር። እናቴ ከልቧ ስትስቅ ከሩቅ ይሰማኛል። ቀናሁ፤ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። እግዜር ለአልማዝ አራት ሳንባ ሰጥቶ ለእኔ ግማሹን የነፈገኝ መሰለኝ።

አልማዝ እናቴን እዚያው ትታ ወደ እኔ ወረደች።

«ማን ደወለልሽ?»

«ከመሥሪያ ቤት ነው።»

ስልኩን አየችው፤ ጠፍቷል። አልሳቀችብኝም።

«እኔም ወክ ስጀምር እንደ አንቺ ነበርኩ» አለች። «ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር የሰው በር ላይ ቆሜ ሰላም እላለሁ። የዚህ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፤ እስኪያልቅ ነፍሴ ትመለሳለች። ይኼን ሁሉ ሰው የተዋወቅኩት ደክሞኝ ስቆም ነው።»

ኪሎዋ ብዙም አልቀነሰም፤ ሐኪሟ ግን እስክትቀጥኚ አትጠብቂ፣ የቻልሽውን ያህል ሂጂ ብሏታል። በየቀኑ ስትሄድ ዳገቱ ያው ሆኖ የምትቆምበት በር እያነሰ መጣ። አሁን የምትቆመው ሰዎቹን ስለምትወዳቸው ነው።

ይኼን ስሰማ ቅናቴ የበረደልኝ እንዳይመስላችሁ። ባሰብኝ! ጉዳዩ የሳንባ ቢሆን አርፌ በቀናሁ። እሷ ቆማ በምትተነፍስባት ደቂቃ ሰው አፈራች፣ እኔ በዚያችው ደቂቃ ግድግዳ ሳይ ኖርኩ። እናቴንም የወሰደችብኝ በዚህ ነው።

ማታ እናቴን በግልጽ ጠየቅኳት። እጄን ይዛ መለሰችልኝ።

«ልጄ፣ እዚያ አንቺ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካንቺ በቀር የማውቀው ሰው የለም። አንቺም ደረጃው ጨርሶሽ ትገቢና ዝም ትያለሽ። እኔ ከማን ጋር ላውራ?»

«አትመጪም ማለት ነው?»

«ከአፌ አልወጣም» አለችና ለመንገዴ ሐልዋ ትቋጥርልኝ ጀመር።

መልስ

ብቻዬን ተመለስኩ። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ጀመርኩት፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደ ወትሮው ትንፋሼ አለቀ። እጄ ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፤ ያገኘው ግን ሐልዋውን ነው። ፊት ለፊቴ ያለው በር ገርበብ ብሏል፣ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅማለች። ለዓመታት በአጠገቧ አልፌያለሁ። እያለከለክሁ ደህና አመሸሽ አልኳት፣ ስሟንም ጠየቅኳት። ደነገጠች መሰለኝ፤ ቢሆንም በርጩማ አቀረበችልኝ። ሐልዋውን ተካፈልን። ስለ ልጇ ትምህርት ቤት አውርታ ስትጨርስ ደረቴ ተከፍቶ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ሐረር ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ሰናይት ትባላለች።»

ከእናቴ ጀርባ የአልማዝ ሳቅ ይሰማል፤ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

«ሦስተኛው ፎቅስ?» አለችኝ እናቴ።