የፎቶ አንሺው አፍንጫ

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ማንሳቱማ ማንም ያነሳል፤ የእሱ ሙያ የሚጀምረው ከተነሳ በኋላ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና የሰዉን ማዲያት ያጠፋል፣ ቡግሩን ይጠርጋል፣ ከዓይን ሥር ያለውን እብጠት ያሟሟል። "ከእኔ ቤት ቡግር ይዞ የወጣ ሰው የለም" ይላል። እውነቱን ነው። አንዷን ጎረቤታችንን እንዲያ አሳምሯት፣ መታወቂያ ልታወጣ ብትሄድ "የልጅሽን ሳይሆን የራስሽን ፎቶ አምጪ" ብለው መልሰዋታል። እሱ ግን ይህንን እስከ ዛሬ እንደ ሽልማት ነው የሚያወራው።

ስቱዲዮ ከመክፈቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት በር ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። ደንበኛውን ጥላ ሥር ያስቀምጥና እሱ ፀሐይ ላይ ይገተራል። ቆዳው ደግሞ ከልጅነቱ ስስ ነው፤ ሰፈሩ የሚጠራው "ቀዮ" እያለ ነው። ባርኔጣ አድርግ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ከካሜራው ጋር ይጋጭብኛል ይላል። መልስ አጥቶ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን የአፍንጫው ክንፍ ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ እብጠት ወጣች። ፊቱን በፎጣ ሲጠርግ ትደማለች፣ ትደርቃለች፣ ዳነች ስንል እንደገና ትደማለች። ሐኪም አሳያት ስለው ቡግር ናት አለኝ። ቡግር ሦስት ዓመት ይቀመጣል ወይ፣ ተከራይ ነው እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስጨቀጭቀው ከርሜ፣ በመጨረሻ እጁን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ልጃችንን የምታክል፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ከእብጠቷ ቆንጥራ ለምርመራ ላከችና ከአሥር ቀን በኋላ አስጠራችን። ካንሰር ነው አለች። የወንበሩን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ቀጥላ ግን፣ ከቆዳ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ዓይነት መሆኑን፣ እዚያው ባለበት እንደሚያድግና ወደ ሌላ አካል የሚሄደው ከስንት አንዴ መሆኑን ነገረችን። ትንሽና አዝጋሚ ከሆነ በሌዘር ይቃጠላል፣ አፍንጫውም እንዳለ ይቀራል። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ከሆነ ግን በቢላ ተቆርጦ ይወጣና ከጆሮ ጀርባ በሚወሰድ ቆዳ ይደፈናል።

"ስለዚህ መቼ እንደጀመረ በደንብ ማወቅ አለብኝ" አለችው። "የድሮ ፎቶ አለዎት?"

ፎቶ ሲባል ባሌ ነፍስ ዘራ። ከኪስ ቦርሳው ሦስት ጉርድ ፎቶ መዘዘና የካቻምናውን፣ የአምናውንና የዘንድሮውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት። በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ሦስቱም ላይ አፍንጫው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የመጨረሻው መቼ እንደተነሳ ጠየቀችው። የዛሬ ሁለት ወር አላት። ፊቷ ተለወጠ። በሁለት ወር ውስጥ እዚህ ከደረሰማ ፈጣን ነው፣ ቢላው ይሻላል ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ዞር ብዬ አየሁት። ዝም ብሏል! ለዚህ ሰው ኩራት እራቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፍንጫውን እስከማስቆረጥ ይደርሳል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

"ዶክተር፣ ፎቶ አንሺ ነው፤ በኮምፒውተር ይጠርገዋል እኮ" አልኳት። "የሰውን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የራሱንም ይጠርጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው የጠረገው።"

አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ ሳይነኩ በፊት የነበሩት ፎቶዎች የት እንዳሉ ብትጠይቀው፣ የማይረባ ነገር አላስቀምጥም አለ በቀጭን ድምፅ።

ያኔ ነው ስልኬ ትዝ ያለኝ። ልጃችን የተመረቀች ቀን እኔ ያነሳሁት አንድ ፎቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አየት አድርጎ፣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ ወድቋል፣ አነሳስሽም ዘሟል፣ ይሄ ፎቶ አይባልም፣ አጥፊው ብሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እኔ ያነሳሁትን አንድም ቀን አመስግኖ አያውቅም። አጠፋሁት አልኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ጥርሱን ሳይሰበስብ፣ ከልቡ ሲስቅ የተነሳበት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

ሐኪሟ በሁለት ጣቷ አጎላችው። የአፍንጫው ክንፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ያ የማይረባ ፀሐይ አርፎባት ታበራለች። ቀኑን አየች፤ ሦስት ዓመት አልፎታል። ቀስ ብሎ ያደገ ነው፣ ሌዘሩ ይበቃዋል አለች። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሌዘሩ ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዓይኑን በጥቁር ሸፈኑለት፣ ለእኔም መነጽር ሰጡኝ። ብልጭ ባለ ቁጥር ላስቲክ ተወጥሮ ሲለቀቅ እንደሚመታው ነው አለ። ሲወጣ ደግሞ መብራታቸው ጥሩ እንደሆነ፣ አቀማመጡን ግን እንዳላስተካከሉለት አጫወተኝ። ምን ይደረጋል! ቁስሉ ቅርፊት ያዘ፣ በሦስት ሳምንት ረገፈ፣ ነጣ ያለች ጠባሳ ቀረች።

ሐኪሟ ስታሰናብተን፣ በሌዘር የተቃጠለ ቆዳ እንደተቆረጠው ላቦራቶሪ ሄዶ ዳር ዳሩ ስለማይመረመር፣ ተመልሶ እንዳይመጣ መከታተል የግድ መሆኑን ነገረችን። ለቀጠሮ ስንመጣ እንድታያቸው በየወሩ ፎቶ አንሱ አለች። ወደ እሱ ዞር ብላም "ሳይጠረግ" አለችው።

ስድስተኛው ወር ላይ ራሱን ፎቶ አነሳና ስቱዲዮ ጠራኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አፍንጫ ንጹህ ነው፤ እብጠት የለ፣ ጠባሳዋም እምብዛም አትታይ። "አየሽ?" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል የድሮ ሥራው ትዝ አለኝ።

"ጠርገኸዋል" አልኩት።

ኧረ አልጠረግኩም አለ። በልጃችን ማለ፣ በሞቱት አባቱ ማለ። ዕድሜ ልኩን የሰው ፊት ሲያሳምር ኖሮ፣ ሳይነካ የተወው ዕለት የሚያምነው አጣ። አሳዘነኝ፤ ግን ፍርሃቴ ከሀዘኔታዬ በለጠ። ስድስት ወር ሙሉ ተመልሶ ይሆን እያልኩ ሲያንቀላፋ ሳየው ነው የከረምኩት።

"ፎቶውን ተወው፤ ፊትህን አምጣ" አልኩት።

እጁን ይዤ ደጃፉ ላይ ወደ ብርሃን አወጣሁት። አገጩን ይዤ አዞርኩና በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው። ጠባሳዋ ከቆዳው ጋር ልትመሳሰል ትንሽ ቀርቷታል። እውነቱን ነበር። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች አንገታቸውን አስግገው ያዩናል።

"ኧረ ሰው እያየ ነው" አለኝ።

"ይይ" አልኩትና እንደገና ዳሰስኩት።