ኳሱን «ብረት» ያልኩ ቀን

ግራይንደር ላሜራ ሲቆርጥ የሚወጣው የተቃጠለ ሽታ ዛሬም ያንን ቀን ያመጣብኛል። ትናንት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ በአንድ የብረት በር ሠሪ ደጅ ሳልፍ ሸተተኝና መንገድ ቀየርኩ።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የራዳር ሞገድ የብረት ቅርጾችን መትቶ እንዴት እንደሚበተን በኮምፒዩተር ማስላት ነበር። ሁለት ነን፤ እኔና የአርጆው ልጅ። እኔ አፍ፣ እሱ ጭንቅላት። የመሞከሪያችንን የብረት ኳስ ገጽ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዷ ላይ የሚፈሰውን ከረንት የሚያሰላውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ኳስ በቀመር የታወቀ መልስ አለው፤ ግራፉ ላይ የኛ መስመር በቀመሩ መስመር ላይ ካልተኛ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አልተኛ አለን!

ዲፌንሱ፣ ሥራችንን ለፈታኞች የምናቀርብበት ቀን፣ ሲቃረብ የምንማርበት ነቀምቴ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ወዳላቸው የጓደኛዬ አጎት ብየዳ ቤት፣ አርጆ ሄድን። አጎቱ ለፈታኞች ማሳያ ብለው ከላሜራ ኳስና ቱቦ ሠሩልን። በዲፌንሱ ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ስህተቱን አገኘው፤ አንዳንዶቹ ሦስት ማዕዘኖች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ኖሯል። አርሞ ፕሮግራሙን አስነሣው። ስሌቱ ሳያልቅ ሚኒባሱ መጣ፤ ላፕቶፑን እሱ እንደተከፈተ ታቅፎት ወደ ነቀምቴ ተሳፈርን።

ኬላ ላይ ፈታሹ ኳሱንና ቱቦውን የከተትንበትን ማዳበሪያ በእግሩ ነካ አደረገ።

«ይሄ ምንድነው?»

ጓደኛዬ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩ። «ብረት ነው! የሱ ነው!»

ተሳፋሪው ከማዳበሪያው ሸሸት አለ። ጎጃሞች የወለዱኝ፣ ቤታችን «ብረት» ሲባል ጠመንጃ መሆኑን እየሰማሁ ያደግሁ እኔ! እሱ ቢመልስ «ሲቢላ» ይል ነበር፤ የኦሮምኛው ሲቢላ ብረት ነው እንጂ አይተኩስም። ላስተካክል ብዬ ደግሞ፣ «ለራዳር እኮ ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

«ውረድ!»

ፈታሹ ኳሱን ጆሮው ሥር ነቀነቀው። «ውስጡስ?»

«ባዶ ነው» አለ ጓደኛዬ።

አለቃው እስኪመጣ እሱ ይቆይ ተባለ። ላፕቶፑን በመስኮት አቀበለኝና፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፤ አንቺ ድረሺ» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈታኞቹ ፊት ብቻዬን ቆምኩ። የላፕቶፑን ስክሪን ሳይ ስሌቱ አልቋል፤ መስመሩ ልክክ ብሎ ተኝቷል። «ጓደኛሽስ?» ሲሉኝ፣ በኔ አፍ ተያዘ ማለት አፈርኩና «ታሞ ነው» አልኩ። ምን ልበልህ፣ እውነቱን ብናገር ሌላ ቀን ይቀጥሩለት ነበር። የሐኪም ወረቀት የሌለው በሽተኛ ግን እንደቀረ ተቆጠረ፤ ዓመቱን እንዲደግም ተወሰነበት።

አመሻሽ ላይ ለቀቁት። መናኸሪያ ስጠብቀው አቧራ ለብሶ ከሚኒባስ ወረደ። ይቅርታ ልለው ስንተባተብ፣ እሱ የቸኮለው ለሌላ ነገር ነው።

«ተኛ?» አለኝ።

«ተኛ።»

መናኸሪያው መሐል አቅፎ አነሣኝ። «በቃ፣ ተመረቅን በያ!» እያለ ይስቃል፤ እኔ አንገቱ ሥር ተሸጉጬ አለቅሳለሁ። የደስታ መስሎት ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።